መርዶ የመሰለ የአደን ጉዞ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ሆሎዌይ፣ ለንደን

በሩ ሲንኳኳ እኔ ካልሲዬን ፍለጋ አልጋው ሥር ገብቼ ነበር። ባለቤቴ ሂሩት ቀድማኝ ሄዳ ከፈተች። ቀጥሎ የሰማሁት «ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!» የሚል ጩኸት ነው። ከላይ ያለው ጎረቤታችን ወለሉን በጫማው ደበደበው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። ጓደኛዬ ደረጀ የዱር ተርኪ፣ ያንን የፈረንጅ ትልቅ ዶሮ፣ ላሳድናችሁ ነው ብሎ ሁለት ወር ሙሉ ጆሯችንን አደንቁሮታል። ከመካከላችን ጠብመንጃ ይዞ የሚያውቅ የለም። እቅዱ ደረጀ ብቻውን ከክላፋም መኪናውን ይዞ ይመጣል፣ እኔን ይወስዳል፣ ከዚያ አበራን ኤድመንተን ላይ እንጭናለን ነበር። በሩ ላይ የቆሙት ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። ደረጀ አለ፣ አበራ አለ፣ ከሁለቱ ፊት ደግሞ ጥቁር ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው የቆለፉ ጋሽ ተኽሌ አሉ።

ጋሽ ተኽሌን ለማታውቁ ልንገራችሁ። አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ መካኒክ፣ ደግ ሰው ናቸው። ችግሩ ምንድን ነው፣ እኛ ሰፈር መርዶ ሲመጣ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። አገር ቤት ሰው ሲሞት ወሬው ለባለቤቱ አይነገርም፤ መጀመሪያ ለጓደኞቹ ይደርሳል። ጓደኞቹ ይሰበሰቡና ሰውዬው ሥራ ሳይሄድ ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳሉ። ከፊት ሁልጊዜ ጋሽ ተኽሌ ናቸው። የሆሎዌይ አበሻ እሳቸውን በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ካየ ምንም ሳይነገረው ነው ደረቱን መምታት የሚጀምረው።

እኔ ደግሞ እናቴ አሰላ ናት። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ስልኳ ካልተነሳ አራት ቀን ሆኖታል።

«ምንም የለም! ሂሩትዬ፣ ምንም የለም፣ ለአደን ነው የመጣነው!» አለ ደረጀ።

መርዶ የሚያረዳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ምንም የለም» ነው። በአንድ እግሬ ካልሲ አድርጌ ኮሪደሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ጋሽ ተኽሌ ገብተው አቀፉኝ፤ ረዘም አድርገው አቀፉኝ።

«ደህና አደርክ ወደይ? እናትህስ እንዴት ናቸው?»

ወደይ ማለት በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ ልላቸው ብዬ ተውኩት። ደረጀ ሳይጠየቅ ያብራራል፦ የእርሻው ባለቤት የጋሽ ተኽሌ ወዳጅ ነው፣ አሮጌ ትራክተሩን የሚጠግኑለት እሳቸው ናቸው፤ አበራን ደግሞ ኤድመንተን ድረስ ከመዞር ትናንት ማታውኑ እኔ ጋ አሳደርኩት። ሳይጠየቅ የሚያብራራ ሰው ደግሞ ደስ አይለኝም።

ለምን አልጠየቅክም ትሉኝ ይሆናል። የደረሰበት ያውቀዋል፤ እስካልጠየቅኩ ድረስ እናቴ አለች። ሂሩት ወደ መኝታ ቤት ጎትታ አስገባችኝና «ጥቁሩን ሹራብህን ልበስ» አለችኝ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። ይህቺ ሴት ለሥራ ስወጣ ከስልኳ ቀና ብላ የማታየኝ ናት።

12 ሰዓት ተኩል፣ ከለንደን መውጫ

ጨለማው ገና አልለቀቀም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጭጋግ፣ የጭነት መኪና መብራት፣ እንደገና ጭጋግ። ከሁሉም ያስጨነቀኝ የተቀመጥኩበት ቦታ ነው። የፊት ወንበር ላይ ነኝ። የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ከኋላ፣ እኔ ከፊት! «ኧረ ጋሽ፣ ነውር ነው» ብል «የለም የለም፣ ሰለሞን ይመቸው» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ለምንድን ነው ዛሬ እኔ የሚመቸኝ?

በመስታወቱ አበራን አየዋለሁ። አበራ የአሰላ ልጅ ነው፣ አብሮ አደጌ ነው። እህቱ አልማዝ ከእናቴ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ነው የምትኖረው። የእናቴ ወሬ ቢኖር ከማንም ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ሐሙስ ዕለት አልማዝ ጋ ብደውል «ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው» ብላ ተቻኩላ ዘግታብኛለች። ይህ ኳስ ሲያወራ ሾፌሩን መሪ የሚያስለቅቅ ሰው ዛሬ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ዝም ብሏል። ዓይኑ ዕንባ አቅርሯል።

«አበራ፣ ደህና ነህ?»

ራሱን ነቀነቀና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ነዳጅ ማደያ ቆምን። ደረጀ በሃያ ዓመት ጓደኝነታችን ሻይ ገዝቶልኝ አያውቅም። ዛሬ በእንቁላል የተሞላ ዳቦ፣ ቡናና ሙዝ ይዞልኝ መጣ። አንዱ ዳቦ ብቻ አምስት ፓውንድ ይላል ዋጋው። ለራሱ ምንም አልገዛም።

«ብላ!»

«አልራበኝም።»

«ብላ እኮ ነው የምልህ! ኋላ እህል በአፍህ አይዞርም።»

በእኛ ወግ ሰው ከመረዳቱ በፊት እህል ይቀምሳል፣ ከተረዳ በኋላ ስለማይበላ። ያንን ዳቦ ዕንባዬን በእጅጌዬ እየጠረግኩ ጨረስኩት። ጨው በዝቶበታል ብዬ አማረርኩ፤ ያማረርኩት ዳቦውን አልነበረም።

2 ሰዓት፣ ሰፎክ

እርሻው ጭቃ ነው። ጭቃ፣ ላንድሮቨር፣ አረንጓዴ ሱፍ የለበሱ ነጮች፣ ጆሯቸው የተንዠረገገ ውሾች፣ የእርጥብ ቅጠል ሽታ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። ደረጀ ከመኪናው ሲወርድ ሰው ሁሉ ወሬውን አቋረጠ። ቅጠል ቅጠል የታተመበት ሙሉ የወታደር ልብስ ለብሷል፤ ፊቱንም አመድማ ቀለም ተቀብቷል። ከኪሱ በኢንተርኔት ያዘዛትን ትንሽ የእንጨት ሳጥን አወጣና ክዳኗን ፈተግ ፈተግ አደረገ። ሳጥኗ የሴት ተርኪ ድምፅ ታወጣለች። አውራው ሰምቶ ይመጣል ተብሏል።

ባለቤቱ ሚስተር ኮሊን፣ ቀይ ፊት ያለው ረጅም ሰው፣ በትዕግሥት ሰማውና «ወዳጄ፣ የዱር ተርኪ የሚታደነው አሜሪካ ነው። እዚህ አገር ተርኪ የሚገኘው ሱፐርማርኬት ፍሪዘር ውስጥ ነው» አለው።

እዚህ የሚታደነው ፌዛንት ነው፤ ቆቅ የሚመስል፣ ጅራቱ እንደ ክንድ የረዘመ፣ አንገቱ አረንጓዴ የሆነ የዱር ወፍ። ይህስ ባልከፋ። ጠብመንጃ የሚይዙት ግን ስምንት ሰዎች ናቸው፣ ብዙ ከፍለው የመጡ። እኛ «ቢተር» ነን፤ ጫካ ውስጥ በሰልፍ እየሄድን ቁጥቋጦውን በበትር እየመታን ወፉን ወደ ተኳሾቹ የምናስነሳ። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ በትርና ከማዳበሪያ ከረጢት የተቆረጠ ባንዲራ ተሰጠን።

«ይህንን ሳትጠይቅ ነው ያመጣኸን?» አልኩት ደረጀን።

«ጋሽ ተኽሌ ናቸው የነገሩኝ፤ ‹አደን ይወስዱናል› አሉኝ፣ ተወሰድን!» አለና ባንዲራውን አገላብጦ አየው። በዚያ ልብስ የተነሳውን ፎቶ የጠብመንጃ ሥዕል ደርቦበት ለቤተሰቡ ሁሉ ልኮ ጨርሷል።

ቀጥሎ እጁን ዘረጋልኝ። «ስልክህን አጥፋና አምጣ። እኔ ጋ ይቀመጥ።»

«ለምን?»

«ሕግ ነው። ወፉ ይደነግጣል።»

መርዶ ሲኖር የሟች ቤተሰብ ስልክ ይደበቃል፣ ድንገት አንዱ ደውሎ እንዳያፈነዳው። ስልኬን ሰጠሁት።

3 ሰዓት ተኩል፣ ጫካው

ሃያ ሰው በአንድ መስመር፣ በመካከላችን አሥር አሥር እርምጃ። ትእዛዙ አጭር ነው፦ መስመር አትልቀቁ፣ ዛፉን ቀስ አድርጋችሁ አንኳኩ፣ እንዳትጮኹ። ወፎቹ ሁለት ሦስት እየሆኑ ነው መነሳት ያለባቸው እንጂ በአንድ ጊዜ ከተነሱ ዙሩ ተበላሸ ማለት ነው። ሰዉን የደለደለችው የጫካው ጠባቂ ቀጭን ሴት ናት። ጋሽ ተኽሌ «እኔ ከሰለሞን ጎን» አሏት። ሰው ሲረዳ ራሱን እንዳይጥል ከጎኑ የሚቆም ይመደባል።

ሄድን። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከእግሬ ሥር አንዱ ፌዛንት ቱር ሲል ነፍሴ አብራ ልትነሳ ነበር። ከዛፉ በላይ ወጣ፣ ተኩስ ተሰማ፣ ወፉ ተገለባብጦ ወደቀ። ይህን ጊዜ ከመስመሩ ጫፍ የደረጀ ድምፅ ጫካውን ሰነጠቀው።

«ዘራፍ! ዘራፍ የገዳይ ልጅ!»

በቃ። ከየቁጥቋጦው ሃምሳ ስልሳ ወፍ ባንዴ ተነሳ። ተኳሾቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ ሁለቱ ብቻ ተኮሱ፣ ሁለቱም ሳቱ። ጠባቂዋ ለደረጀ ያለችውን አልተረጉምላችሁም።

ጋሽ ተኽሌ ግን ሌላ ሥራ ላይ ናቸው። መጀመሪያ የወደቀው ወፍ ከአጥሩ ወዲያ ይንፈራገጣል። ቢላቸውን ከካፖርታቸው መዘው በዚያ ባረጀ ጉልበታቸው ይሮጣሉ። ሳይሞት ካልደረሱበት፣ ባርከው ካላረዱት፣ ክርስቲያን አይበላውም። ከሌላ በኩል አንድ ቡናማ ውሻ እየከነፈ ይመጣል። እኩል ደረሱ። ውሻው በክንፉ፣ ጋሽ ተኽሌ በእግሩ ያዙት።

«በስመ አብ ወወልድ… ልቀቅ! ልቀቅ አንተ! ወመንፈስ ቅዱስ…»

ውሻው አሸነፈ። ጋሽ ተኽሌ ቢላቸውን እየጠረጉ ተመለሱና ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«ሞተ» አሉኝ። «ሳልደርስበት ሞተ። ይኸው ነው ሞት፣ ወደይ። አያስጠነቅቅም።»

6 ሰዓት፣ ጎተራው

ምሳ በትልቁ ጎተራ ውስጥ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ የጭድ እስር ወንበር፣ በትልቅ ድስት የአተር ሾርባ። አርባ የሚሆን ሰው ቆሟል። ሚስተር ኮሊን ማንኪያ በብርጭቆ አንቃጨለና ባርኔጣውን አወለቀ። ሁሉም አወለቀ። ጋሽ ተኽሌም አወለቁና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

«ከመብላታችን በፊት፣ ዛሬ አብራን ስለሌለችው ሴት» አለ ሚስተር ኮሊን። «ስሟን መጥራት አያስፈልገኝም። የሁላችንም እናት ነበረች። በዚህ ሳምንት ተለይታናለች። እባካችሁ፣ አንድ ደቂቃ ጸጥታ።»

ጉድ እኮ ነው! ለእንግሊዞቹ ሁሉ ነግረዋቸዋል! ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩት ሁሉ ባንዴ ፈነዳ።

«እማዬ! እማዬን! ሳላይሽ! ዓይንሽን ሳላየው!»

ደረቴን እየመታሁ ጭዱ ላይ ወደቅኩ። አበራ የሾርባ ሳህኑን ለቀቀው። «ምን? እማማ ብርቄ? እማማ ብርቄ ሞቱ?» ብሎ አጠገቤ ተደፋ። ደረጀ ደግሞ «ማን ነገረው? ኧረ ማን ነገረው?» እያለ ይሮጣል፣ የተቀባው ቀለም በዕንባ እየወረደ። የአንድ ደቂቃ ጸጥታ ተብሎ ሦስት አበሻ ጎተራውን ቀወጠው። እንግሊዞቹ መጀመሪያ መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ ቆይተው አንድ ሁለቱ መሐረብ አወጡ። አንድ ሽማግሌ ከሰዉ መካከል ወጥቶ ጎንበስ ብሎ አቀፈኝ።

«አመሰግናለሁ። በደንብ ታውቃት ነበር?» አለኝ።

ያላለቀሱት ጋሽ ተኽሌ ብቻ ናቸው። እንዲያውም ተቆጥተዋል።

«ዝም በሉ! ሁላችሁም ዝም በሉ! ማነው ያረዳው? ያለ እኔ ማነው ያረዳው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!» አልኩ።

«እኔ ምን አልኩ?»

ምን እንዳሉ ሳስብ ምንም አላሉም። አንድ በአንድ ዘረዘርኩት። የፊት ወንበሩስ? የፊቱ ወንበር ቀበቶ ሆዳቸውን ስለሚያስጨንቃቸው ነው። ዳቦውስ? ደረጀ ራሱ በልቶ ነው የመጣው፤ ለእኔ የገዛው አደን የወጣ ሰው እስከ እኩለ ቀን እህል አያገኝም ስለተባለ ነው። ስልኩስ? እውነትም ሕግ ነው። አበራስ? አበራ አፉን ከፈተና በጣቱ አሳየኝ። የኋላ ጥርሱ ድዱን ይዞት አብጧል፤ ለሚስቱ ቢናገር አትሄድም እንዳትለው ነው የደበቀው። የተባለችው ሴት ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ጎተራ ሾርባ ስትሠራ የኖረች ናት። ያቀፈኝ ሽማግሌ ባሏ ነው።

ሊስቁብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ የሳቀ የለም። ጋሽ ተኽሌ የጭድ እስር ላይ ተቀምጠዋል።

«ይህ ሁሉ እኔን በርህ ላይ ስላየህ ነው?» አሉ።

መዋሸት ነበረብኝ፣ አልቻልኩም። «አዎ ጋሽ። እርስዎን ስላየሁ ነው።»

«ሰው ልደት አይጠራኝም» አሉ ባርኔጣቸውን እያዞሩ። «አውቶቡስ ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች ካዩኝ ፊታቸው ይለዋወጣል። ከደረጀ ጋር አብሬ ልሂድ ያልኩት አንድ ቀን እንኳ ወሬ ሳልይዝ ከሰው ጋር ልዋል ብዬ ነው።»

አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። ቢሆንም ግን የእናቴ ነገር ባለበት ነው፤ እነዚህ አልነገሩኝም ማለት ደህና ናት ማለት አይደለም። አበራ እህቱ አልማዝ ጋ ደወለ። ዝግ ነው። ስልኬን ከደረጀ ተቀብዬ እኔ ደወልኩ። ዝግ ነው።

9 ሰዓት ተኩል፣ መልስ

ለእያንዳንዱ ቢተር ሁለት ሁለት ፌዛንት በገመድ ታስሮ ተሰጠ። ቢላ ሳይነካው የሞተ ስለሆነ ማናችንም አንበላውም፤ ይህንን ከመጀመሪያው ያሰበ ሰው አልነበረም። ደረጀ ስምንቱንም አንጠልጥሎ ፎቶ ከተነሳ በኋላ ወፎቹን ለሾርባዋ ሴት ባል ሰጠነው። ሽማግሌው የእያንዳንዳችንን እጅ ጨበጠ። የእኔን ቶሎ አልለቀቀውም።

በየአምስት ደቂቃው አልማዝ ጋ እደውላለሁ። ያቺ የቴሌ ሴትዮ በእንግሊዝኛ «የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አልቻሉም» ትለኛለች። መሸ፣ ዝናብ ጀመረ። ጠዋት አለመጠየቅ ያጽናናኝ ነበር፤ አሁን ግን በጣም ፈራሁ። ጋሽ ተኽሌ ከኋላ ሆነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እየጸለዩ ነው።

አመሻሽ፣ ኤድመንተን

ትልቁ መንገድ በመኪና ተጨናንቆ ቆመናል። እንደገና ስደውል የአልማዝ ስልክ ጠራ! ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈትኩት።

«ሄሎ? መብራት አሁን መጣ» ትላለች አልማዝ። «ከትናንት ጀምሮ ጠፍቶ ነው። ምነው በዚህ ምሽት?»

«እማዬ! እማዬን አገናኚኝ!»

የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ተሰማኝ፣ በር ተንኳኳ፣ ውሻ ጮኸ። ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ማን ሞተ?»

ለመመለስ ስል ለቅሶ ቀደመኝ። ስሰማት፣ ድምጿን ብቻ ስሰማት፣ ተንሰቀሰቅኩ።

«ወይኔ ልጄ! ተናገር! ማን ነው የሞተው? ሂሩት ናት?»

«ማንም… እማዬ… ስልክሽ የት ሄዶ ነው?»

«ለሚካኤል የጠመቅኩትን ሳማስል ከደረቴ ሾልኮ ጠላው ጋን ውስጥ ገባ። ስልኩን ተወውና ማን እንደሞተ ንገረኝ!»

«ጠላውስ?» አለ ደረጀ ከመሪው ላይ።

«ተጠጣ እንጂ ምን ይደረጋል! ይህ ማነው? ደረጀ ነው? እሺ አንተ አለህ። አበራን አቅርቡልኝ!»

ስልኩን ለአበራ ሰጠሁት። «እማማ፣ አለሁ» ለማለት ሞከረ፤ ባበጠ አፍ የወጣው ግን ሰው የሚገባው ነገር አልነበረም።

«ይህ አበራ አይደለም! አበራን ምን አደረጋችሁት? አልማዝዬ ወንድምሽ!» አልማዝም ከዚያ ወዲያ መጮህ ጀመረች። ጥርሱ ነው እላለሁ፣ ማን ይሰማኛል። ከኋላችን ያለው አውቶቡስ ጡሩንባ ይነፋል። ይህን ጊዜ ጋሽ ተኽሌ ከኋላ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ከአበራ ወሰዱ። በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እማማ ብርቄ፣ ተኽሌ እባላለሁ። ከልጅዎ ጋር ነኝ። አበራም ጥርሱን አሞት አጠገቤ ተቀምጧል። ሂሩትም ቤቷ ናት።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማንም አልሞተም።»

«ይማሉልኝ» አለች እናቴ።

«በእመቤታችን። ማንም አልሞተም፣ እናቴ። ሁሉም ደህና ነው።»

እናቴ እልል አለች። አልማዝ ተቀበለቻት፣ ቀጥሎ የማላውቃቸው የጎረቤት ሴቶች ድምፅ ተጨመረ፣ መኪናው በእልልታ ተሞላ። «አፍዎ ሁልጊዜ እንዲህ ደህና ደህናውን ያውራ! ወሬ ይዘው የገቡበት ቤት ሁሉ ይሳቅበት!» ብላ መረቀቻቸው። ጋሽ ተኽሌ «አሜን» አሉ፣ ሁለተኛውን «አሜን» ግን ማውጣት አልቻሉም። ስልኩን መለሱልኝና መስኮቱን እያዩ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

ለእናቴ ነገ እደውላለሁ እያልኩ፣ እሷ የጥርስ መድኃኒት እየነገረችኝ፣ መኪናው ተንቀሳቀሰ። ልዘጋ ስል ጋሽ ተኽሌ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ሰለሞን፣ ካላስቸገርኩህ… ሳትዘጋው ‹ማንም አልሞተም› የምትለዋን አንድ ጊዜ ልድገምላቸው?»